ዋልካ መሬት ላይ የገፈራ ማከማቻ ስለ መሥራት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

እኔና ባለቤቴ በቢሾፍቱ ዙሪያ ስምንት የሚታለቡ የፈረንጅ ዲቃላ ላሞችና አራት ጊደሮች አሉን። ድርቆሹም ፋጉሎውም ፉሩሽካውም ከዓመት ዓመት እየተወደደ ስለሄደ፣ በመጪው ክረምት አንድ ሄክታር ተኩል ማሳችን ላይ በቆሎ ዘርተን ገፈራ፣ ማለትም ሳይሌጅ (ተከትፎ አየር እንዳያገኝ ታሽጎ የሚብላላ እርጥብ መኖ)፣ ለማዘጋጀት ወስነናል። ባለቤቴ ከከብት ቤቱ ጀርባ 4 ሜትር ስፋት፣ 10 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ትልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ከቆፋሪዎች ጋር ዋጋ ተነጋግሯል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። አንድ ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ይህንኑ የመሰለ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከሞላው መኖ ግማሽ የሚሆነው ሻግቶበት በጋሪ እያወጣ ሲደፋው በዓይኔ አይቻለሁ። መሬታችን ዋልካ ነው፤ የውኃ ጉድጓዳችንም ከከብት ቤቱ ብዙም አይርቅም። ማከማቻውን የት፣ በምን ያህል ስፋትና በምን ዓይነት ቁሳቁስ ብንሠራው ይሻላል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከቢሾፍቱ ዙሪያ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ቆፋሪዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ መጻፍዎም ደግ ሆኗል። ባለቤትዎ ያሰቡት ጉድጓድ በመጠኑ አልተሳሳተም። የሚይዘው 80 ሜትር ኩብ ነው፤ ለከብቶቻችሁ የሚያስፈልገውም ከዚያ የራቀ አይደለም። ስሕተቱ ያለው ከቅርጹና ከመሬቱ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ማከማቻ ሲያስብ የሚጀምረው «ስንት ኩንታል መኖ አለኝ?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ መጀመር ያለበት ግን «ከብቶቼ በቀን ስንት ኪሎ ይበላሉ?» ከሚለው ነው፤ ምክንያቱም የማከማቻው ስፋትና ከፍታ የሚወሰነው በዚህ መልስ ብቻ ነው።

ነገሩን በእናንተው ቤት እናስላው። አንዲት የምትታለብ ዲቃላ ላም ከሌላው መኖዋ ጋር በቀን 20 ኪሎ ያህል የበቆሎ ገፈራ፣ ጊደር ደግሞ 10 ኪሎ ያህል ትበላለች ብንል፣ በጠቅላላው በቀን 200 ኪሎ ይወጣል ማለት ነው። ከኅዳር 15 እስከ ግንቦት 15 ላሉት 180 ቀናት 360 ኩንታል ይሆናል፤ በመብላላት ጊዜና ከዳርና ዳር የሚባክነውን 15 በመቶ ያህል ስንጨምርበት ወደ 420 ኩንታል ይጠጋል። ጥሩ የያዘ በቆሎ ከሄክታር ከ300 እስከ 400 ኩንታል እርጥብ መኖ ስለሚሰጥ ማሳችሁ ይበቃል። በእግርና በበርሜል የተጠቀጠቀ ገፈራ በአንድ ሜትር ኩብ 500 ኪሎ ያህል ይመዝናልና፣ በቀን የምታነሱት 0.4 ሜትር ኩብ ብቻ ነው።

አሁን ይህን ወደ ባለቤትዎ ጉድጓድ እንውሰደው። አራት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ አፍ፣ ማለትም በየቀኑ መኖው የሚቆረጥበት ቀጥ ያለ ፊት፣ 8 ሜትር ካሬ ነው፤ በየቀኑ 0.4 ሜትር ኩብ ሲነሣለት ወደ ውስጥ የሚገፋው 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። በደንብ ባልተጠቀጠቀ ገፈራ ውስጥ አየር ከአፉ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ እፍኝ መኖ ግርግም ከመድረሱ በፊት እስከ 20 ቀን ድረስ አየር ሲጠጣ ይቆያል፤ ታሽጎ በነበረበት ጊዜ ያንቀላፋው እርሾና ሻጋታም በዚህ ጊዜ ይነቃል። በየቀኑ 20 ሳንቲሜትር ቢገፋ ግን ይኸው መኖ አየር የሚያገኘው ለ5 ቀን ብቻ ነው። ጎረቤታችሁ የደፋው መኖ ሲሞላ በደንብ የተብላላ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ያውም ከአፉ።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያ ጉድጓዴን ያስቆፈርኩት ልክ እንደ ባለቤትዎ ሐሳብ ሰፋ አድርጌ ነበር። በታኅሣሥ ስከፍተው መኖው ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ሽታውም ለጋ እርሾ የመሰለ ነበርና ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በጥር መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ የጠዋቱን መኖ ላነሣ ስሄድ ከጉድጓዱ አፍ እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። እጄን እስከ ክርኔ ባስገባው ውስጡ እንደ ፍግ ክምር ይፋጃል፤ የጨበጥኩትን ሳወጣ ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ከጣቶቼ ጋር ተያይዞ ወጣ። ለላሞቹ ባቀርብላቸው አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባብ እንጂ ሰፊ ማከማቻ ሠርቼ አላውቅም።

እንግዲህ ለእናንተ የሚበጀው 2 ሜትር ካሬ ያህል አፍ ነው፤ ከፍታው 1.2 ሜትር፣ አማካይ ስፋቱ 1.7 ሜትር ቢሆን ይደርሳል። 420 ኩንታሉን ለመያዝ በዚህ ስፋት 42 ሜትር ያህል ርዝመት ስለሚያስፈልግ፣ እያንዳንዳቸው 14 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት ክፍሎች ጎን ለጎን ቢሠሩ መካከለኛዎቹን ግድግዳዎች ይጋራሉ፤ ስለዚህ ስድስት ሳይሆን አራት ግድግዳ ብቻ ትገነባላችሁ። ክፍል መክፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ክፍል 140 ኩንታል ያህል ይይዛል፤ በሰዓት 10 ኩንታል የሚከትፍ ማሽን ቢኖራችሁ በሁለት ቀን ሞልታችሁ ታሽጉታላችሁ። አንዱን ትልቅ ጉድጓድ ለመሙላት ግን ያው ማሽን ከ40 ሰዓት በላይ ስለሚፈልግ፣ መጀመሪያ የገባው በቆሎ ሳይታሸግ አምስትና ስድስት ቀን ሲሞቅ ይሰነብታል።

የቆጮ ጉድጓድ ሲዘጋጅ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። የጉራጌ እናቶች ጉድጓዱን ጠበብ አድርገው፣ ውስጡን በእንሰት ቅጠል አልብሰው፣ የተፋቀውን ጠቅጥቀው በቅጠል ከሸፈኑ በኋላ ድንጋይ የሚጭኑበት አየር እንዳይገባው ነው፤ ሲያወጡም የዕለቱን ወስደው መልሰው ይዘጉታል። የገፈራ ሥራ ከዚህ ጥበብ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። አየር ሲያጣ በመኖው ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፤ የአሲድነት ልኩ፣ ፒኤች የሚባለው፣ ወደ 4 ሲወርድም መኖው ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ወደ መሬቱ ስንመጣ፣ ዋልካን አትቆፍሩ እላለሁ። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በመስከረም ጉድጓድ ስትሞሉ ግድግዳው ገና ውኃ እያዠ ነው፤ በጥር ደግሞ ግድግዳው ከመኖው እየሸሸ አየር በስንጥቁ ይገባል። ሁለት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ሌላ አደጋም አለው፤ መኖው መብላላት በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ ከአየር የሚከብዱ መርዛማ ጋዞች ይወጡና ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛሉ። አንደኛው ቢጫና ቡናማ መልክ ያለው፣ እንደ በረኪና የሚሸት ነው፤ ሌላው ግን መልክም ሽታም የለውም። ሁለት ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን ማስታወስ ግዴታዬ ነው።

ስለዚህ ከመሬት በላይ ሥሩ። በግቢያችሁ ከፍ ያለውን፣ ጎርፍ የማይተኛበትን ቦታ ምረጡ፤ ከውኃ ጉድጓዳችሁም ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ፣ ቁልቁለቱም ወደ ውኃው አይሁን። ዋልካውን 60 ሳንቲሜትር ያህል አስነሥታችሁ አካባቢያችሁ በብዛት በሚያፈራው የእሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠር፣ ግንበኞች ሬድ አሽ በሚሉት፣ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉትና በላዩ 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት አፍስሱ። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ወደ አፉ ይዘቅዝቅ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ሆኖ የውስጥ ፊቱ በደንብ ይለሰን፤ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ እንዲል ጥቂት ወደ ውጭ ያጋድል፤ እንዲህ ሲሆን መኖው እየተቀመጠ ሲሄድ ግድግዳውን ይበልጥ ይጫነዋል እንጂ አይለቀውም። አፉን ወደ ሰሜን አዙሩት፤ ገፈራውን በምትመግቡባቸው የበጋ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የተከፈተው ፊት ጥላ ያገኛል። ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። ሥራው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሲሚንቶው በደንብ ደርቆ እንዲጠነክር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ይጠናቀቅ።

ወጪው በአንድ ጊዜ ከከበዳችሁ ዘንድሮ አንዱን ክፍል ብቻ በድንጋይ ሠርታችሁ የቀረውን በባሕር ዛፍ አጣና ግድግዳና በወፍራም ላስቲክ ለጊዜው ብታቆሙት ነውር የለበትም። ወለሉ ላይ ግን አትቆጥቡ።

ከማከማቻው ስለሚወጣው ጭማቂ ልብ በሉ። በቆሎው ውኃ በዝቶበት ከታጨደ ቡናማ ፈሳሽ ከሥሩ ይወርዳል፤ ይህ ፈሳሽ ውኃን በመበከል ከቤት ፍሳሽ ወደ 200 እጥፍ የሚደርስ ኃይል አለው፤ ሲሚንቶንም ይበላል። በአፉ በኩል የተለሰነች ትንሽ ጉድጓድ ሠርታችሁ አጠራቅሙትና በብዙ ውኃ አቅጥናችሁ ማሳ ላይ ርጩት። የአካባቢያችሁ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙና የገጸ ምድር መውጫ የሌላቸው ስለሆኑ፣ በጎርፍ የገባባቸው ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ለጭማቂው ዋናው መድኃኒት ግን የአጨዳ ጊዜን ማወቅ ነው። አንድ እሸት ከመካከሉ ሰብራችሁ የፍሬውን ፊት ተመልከቱ፤ ከላይ የጠጠረው ክፍል ከታች ካለው ወተት የሚለይበት መስመር ይታያል። መስመሩ ከፍሬው አናት ወደ ታች ከሲሶ እስከ ግማሽ ሲወርድ አጨዳው ደርሷል፤ በሰኔ መጀመሪያ የተዘራ በቆሎ በእናንተ አካባቢ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ እዚህ ደረጃ ይደርሳል። ለማረጋገጥ ጥቂት ከትፋችሁ በእጃችሁ ለግማሽ ደቂቃ ጨምቁት። ውኃ ካንጠባጠበ ቀናት ይጠብቅ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበታተነ አልፎበታል፤ ውኃ ሳያንጠባጥብ ቀስ ብሎ ከተፍታታና መዳፋችሁን ካረጠበ ግን በዚያው ቀን ማጨድ ጀምሩ።

ክትፉ ከ2 ሳንቲሜትር አይብለጥ። በገጀራ የተቆራረጠ አገዳ እንደ ቱቦ አየር ስለሚይዝ፣ የመኖ መቁረጫ ማሽን መከራየት ካለባችሁ ተከራዩ እንጂ በገጀራ አትሞክሩ። ከኋላው ግድግዳ ጀምራችሁ በ10 ሳንቲሜትር ንብር እየዘረጋችሁ፣ ውኃ የተሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል በላዩ አንከባሉ፤ ጠርዝና ጥጉን ሰው በእግሩ ይርገጠው፤ ብልሽት መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነውና። የሚረግጠው ሰው እግሩን ታጥቦ ይግባ። ጭቃ ከመኖው ጋር ሲገባ አብሮት የሚገባው ባክቴሪያ ገፈራውን እንደ ከረፋ ቅቤ ያሸተዋል፤ ከብትን ለሚያሳምመው ሊስቴሪያ ለተባለው ባክቴሪያም በር ይከፍታል። ለአንድ ክፍል አሥር አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋልና ደቦ ጥሩ፤ ጎረቤታችሁንም ጥሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት እናንተ ለእርሱ ትወጣላችሁ።

መብላላቱን እንዲያግዝ የሚጨመረው ሞላሰስ፣ ማለትም የስኳር ፋብሪካ ጣፋጭ ተረፈ ምርት፣ ለበቆሎ አያስፈልግም፤ በቂ ስኳር አለው።

ግድግዳውን ከመሙላታችሁ በፊት በላስቲክ አልብሱትና ትርፉን ወደ ውጭ አውሉት፤ ክፍሉ ሲሞላ ከላይ እንደ ኮርቻ ጀርባ ጎበጥ አድርጋችሁ ትርፉን እጠፉበትና ሌላ ጥቁር ላስቲክ ደርቡበት። ከአበባ እርሻ የወጣ ያገለገለ ላስቲክ በርካሽ ቢቀርብላችሁ አትውሰዱ፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው፣ የተረጨበት ፀረ ተባይም ሊከተለው ይችላል። ላስቲኩን ለመጫን ብዙዎች የመኪና ጎማ ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ያረጀ ጎማ ሽቦው ተሰብሮ ወደ መኖው ይወድቃል፤ ላሟ የዋጠችው ቁራጭ ሽቦ ጨጓራዋን ወግቶ እስከ ልቧ ሊደርስ ይችላል። በአፈር የተሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶች አንዱ ከአንዱ ተጠጋግተው ቢደረደሩ ይሻላሉ። ፍየልና ውሻ እንዳይወጡበት እጠሩት፤ ቀዳዳ ባያችሁ ቀን በፕላስተር ድፈኑት እንጂ ነገ አትበሉ።

ስድስት ሳምንት ያህል ካቆያችሁት በኋላ፣ ማለትም በኅዳር አጋማሽ፣ አንዱን ክፍል ክፈቱ። በየቀኑ ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጋችሁ የ20 ሳንቲሜትር ውፍረት ቁረጡ፤ ቆፍራችሁ አታላሉት፤ ለነገ ብላችሁም ዛሬ አታውርዱ። የተከፈተውን ፊት ላስቲኩ በልቅ ይሸፍነው። ላሞቹን በቀን ከ5 ኪሎ ጀምራችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ሙሉ መጠን አድርሷቸው፤ ሽታው ወደ ወተቱ እንዳይገባም ከታለቡ በኋላ እንጂ ከመታለባቸው በፊት አትስጧቸው። የበቆሎ ገፈራ ጉልበት ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ ከደረቁ ክብደቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ፋጉሎን መቀነስ ትችሉ ይሆናል እንጂ ማቆም አትችሉም፤ በአጥሩ ዙሪያ አልፋልፋ ወይም ሳስባንያ የተባሉትን በፕሮቲን የበለጸጉ የመኖ ተክሎች ብትተክሉ ግን የፋጉሎው ወጪ ይቃለላል።

የሻገተውን ምን እናድርገው እንደምትሉ እገምታለሁ። ለደረቀች ላምም፣ ለበግም፣ ለዶሮም አትስጡ፤ ወደ ፍጉ ጣሉት። የሻጋታ መርዝ ላሟ ጋር አይቀርም፤ አፍላቶክሲን የተባለው ተለውጦ በወተት ይወጣል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የወተት ገበያ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል፤ ጥናቱ ከመኖዎቹ ሁሉ ይበልጥ የጠቆመው የኑግ ፋጉሎን ነው። ወተቱን የሚጠጡት በመጀመሪያ የራሳችሁ ልጆች ናቸውና፣ ላሟ ከሻገተ ገፈራ ጋር የሻገተ ፋጉሎ እንዳትበላ ሁለቱንም ጠብቁ።

ጥያቄ

በሆለታ አካባቢ ሁለት ላሞች ብቻ አሉኝ። በቆሎ ውርጭ ስለሚመታብኝ አጃና ቬች (የአተር ዘመድ የሆነ የመኖ ተክል) ቀላቅዬ እዘራለሁ። ማከማቻ ለመገንባት አቅሙም ቦታውም የለኝም። እኔስ ገፈራ ማዘጋጀት እችላለሁ?

አንድ አንባቢ፣ ከሆለታ

መልስ

ይችላሉ፤ ለእርስዎ ግንብ ሳይሆን ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይበቃዎታል። አንድ በርሜል በደንብ ከተጠቀጠቀ 100 ኪሎ ያህል ይይዛል፤ ለሁለት ላሞች በቀን 20 ኪሎ ቢሰጡ በአምስት ቀን ስለሚያልቅ ሻጋታ ለመነሣት ጊዜ አያገኝም። መኖ በጣም ለሚጠርባቸው 60 ቀናት አሥራ ሁለት በርሜል ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓመት ባይሟላ በየዓመቱ ሁለት ሦስት እየጨመሩ ይሂዱ። ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ግን በምንም ዋጋ አይግዙ።

አጃውን ፍሬው ወተት ሲይዝና ቬቹ ሲያብብ ይጨዱት። ከበቆሎ የሚለየው እርጥበቱ መብዛቱ ነውና፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ጠዋት ታጭዶ እስከ ከሰዓት በኋላ ተዘርግቶ ይጠውልግ፤ ከላይ የገለጽኩትን የመጭመቅ ፈተና ሲያልፍ ይከተፍ። ለ100 ኪሎ ክትፍ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሞላሰስ በዚያው ልክ ውኃ አቅጥነው እየረጩ ያዋሕዱ፤ ቬች በፕሮቲን ሲበለጽግ በስኳር ስለሚደኸይ ያለ ሞላሰስ በደንብ አይብላላም። በርሜሉን እስከ አፉ እየረገጡ ይሙሉ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሰው ክዳኑን ይግጠሙ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። የመጀመሪያውን በርሜል ከስድስት ሳምንት በፊት አይክፈቱ፤ ሲከፍቱት ከላይ አንድ ስንዝር ያህል የጠቆረ ካገኙ እርሱን ብቻ አንሥተው ይጣሉና ከሥሩ ያለውን በእጅዎ ወስደው ያሽትቱ፤ ቀለል ያለ የኮምጣጤ ሽታ ካለው ለላሞቹ ያቅርቡ።